በባሕር ዳር አሸዋ ላይ የሚለዋወጥ የብረት ጠቋሚ ድምፅ
ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጕዳይ ለዚህ ለተከበረ ጉባኤ የሚያንስ መስሎ ይታይ ይሆናል። ርእሱ በባሕር ዳርቻ ላይ የብረት ጠቋሚ መሣሪያ ያለ ምክንያት የሚጮኽ መስሎ ሲገኝ፥ ምክንያቱ በምን ሥርዓት ተፈልጎ እንደሚገኝ የሚመለከት ነው። ሆኖም በዚህ አነስተኛ ጕዳይ ውስጥ ሦስት ትምህርቶች በአንድነት ይገኛሉ። አንደኛው የኤሌክትሪክና የማግኔት ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው የባሕርና የአፈር ትምህርት ነው፤ ሦስተኛውና ለእኛ ለመምህራን ዋና የሆነው ግን፥ ተበላሸ የተባለን ነገር ከመጣል በፊት በትዕግሥት የመመርመር ትምህርት ነው።

በየትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ «አይሠራም» ተብለው የተቀመጡ ዕቃዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከእነዚህ መካከል በእውነት የተሰበሩ አሉ። ነገር ግን ጥቂት ያልሆኑት የተቀመጡት ተሰብረው ሳይሆን፥ መምህሩ ያልጠበቀውን መልስ ስለ ሰጡ ነው። መሣሪያው ያልተጠበቀ ነገር በተናገረ ጊዜ ሁለት መንገዶች ይከፈታሉ። አንዱ መሣሪያውን ዘግቶ የመጽሐፉን መልስ በጥቍር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ሁለተኛው «ይህን የሚያናግረው ምንድን ነው?» ብሎ ከተማሪዎቹ ጋራ መጠየቅ ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለተኛው መንገድ ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በተለምዶ ሜታል ዲቴክተር የሚባለውን መሣሪያ ብረት ጠቋሚ ብንለውም፥ የሚጠቁመው ብረትን ብቻ አይደለም፤ ወርቅን፥ ብርን፥ መዳብን፥ ናስንና አሉሚኒየምን ሁሉ ያመለክታል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ክብ ሳሕን ውስጥ በአብዛኛው ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች አሉ። በአንደኛው ጥቅል ውስጥ አቅጣጫውን በፍጥነት የሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይመላለሳል። ይህ መመላለስ በብዙዎቹ መሣሪያዎች በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ3,000 እስከ 30,000 ጊዜ ይደርሳል። ከእርሱም የማግኔት መስክ ይፈጠራል። መስኩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ባገኘ ጊዜ በዚያ ነገር ውስጥ ክብ እየሠሩ የሚዞሩ ትንንሽ ፍሰቶችን ያስነሣል፤ እነርሱም በበኩላቸው ደካማ መስክ መልሰው ይልካሉ። ሁለተኛው ጥቅል ይህን የተመለሰውን መስክ ይቀበላል።

ሁለቱ ጥቅሎች የተሠሩት በአጠገባቸው ምንም ነገር በሌለ ጊዜ አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ ተደርጎ በሚዛን ነው። እንግዲህ መሣሪያው የሚጮኸው ይህ ሚዛን በተናጋ ጊዜ ነው። ሚዛኑን ያናጋው ሳንቲም ይሁን ቆርኪ፥ የጨው ውሃ ይሁን በላይ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመር፥ መሣሪያው «ሚዛኔ ተናጋ» ከማለት በቀር የነገሩን ስም አይጠራም። ስም መስጠት የሰው ሥራ ነው። ስለዚህ «የሐሰት ድምፅ» የምንለው ነገር በአብዛኛው መሣሪያው በእውነት የሰማው፥ እኛ ግን ስሙን ያላወቅንለት ነገር ነው።

ይህ ችግር ከመሣሪያው ጋራ አብሮ የተወለደ ለመሆኑ ታሪክ ምስክር ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፥ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1881 ዓ.ም. ሐምሌ 2 ቀን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ በጥይት ተመቱ። በዚያን ጊዜ ጥይቱ በሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለ የሚያሳይ የራጅ ብርሃን ገና አልተገኘም ነበር። ስልክን በመሥራቱ የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሁለት የሽቦ ጥቅሎች ሚዛን የሚሠራ የጥይት መፈለጊያ አዘጋጀ። መሣሪያው በቀድሞ ጦርነት ቈስለው ጥይት በሰውነታቸው ውስጥ በቀረባቸው ወታደሮች ላይ ተሞክሮ ይሠራ ነበር። ወደ ፕሬዚዳንቱ አልጋ በቀረበ ጊዜ ግን ድምፁ ታወከ። በመጀመሪያው ሙከራ ያልተቋረጠ የመንጫጫት ድምፅ ተሰማ፤ በኋላ ሲታይ ከመሣሪያው ክፍሎች አንዱ በትክክል ሳይያያዝ መቅረቱ ታወቀ። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ደካማ ድምፅ በሰፊ ቦታ ላይ ተሰማ፤ ሲጠየቅም ፕሬዚዳንቱ ከተኙበት ፍራሽ በታች የብረት ሽቦ ያለበት ሌላ ፍራሽ መኖሩ ተነገረ። ከዚህም ሌላ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር፥ ፍለጋው ይደረግ የነበረው በዚያው በኩል ነበር። ጋርፊልድ መስከረም 19 ቀን ሞቱ፤ ሬሳቸው ሲመረመር ጥይቱ የተገኘው በግራ በኩል ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ለምርመራችን መሠረት ይሆናል። የመሣሪያ ድምፅ ሲታወክ ምክንያቱ ከሦስት ቤቶች በአንዱ ይገኛል። አንደኛው ቤት መሣሪያው ራሱ ነው፤ ያልተያያዘው ክፍል የዚህ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ቤት አካባቢው ነው፤ ከፍራሹ በታች የነበረው ሽቦ የዚህ ምሳሌ ነው። ሦስተኛው ቤት የፈላጊው ሰው እጅና አሳብ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ መፈለግ የዚህ ምሳሌ ነው። በባሕር ዳርቻ ሦስቱም ቤቶች በአንድ ጊዜ ሊከፈቱ ስለሚችሉ፥ ያለ ሥርዓት የሚመረምር ሰው ቀኑን ሙሉ ደክሞ አንዱንም ሳያገኝ ይመለሳል።

አሁን ወደ ባሕሩ እንሂድ። ኢትዮጵያ ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌላት ብትሆንም፥ የቀጠናችን መምህራን በምፅዋ፥ በጂቡቲ፥ በበርበራና በሞምባሳ ከባሕር ጋራ ይኖራሉ። በእነዚህ ጠረፎች ላይ መሣሪያው የሚገናኘው ዋና ባለጋራ ጨው ነው። የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ደግሞ ወደ 40 ግራም ይደርሳል። በዚህም ምክንያት የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ ከተለመደው የመጠጥ ውሃ በመቶ እጥፍ የሚቈጠር ይበልጣል። ከመዳብ ጋራ ሲነጻጸር ግን ዐሥር ሚሊዮን ጊዜ ያህል ያንሳል። «እንግዲያስ ይህን ያህል ደካማ አስተላላፊ እንዴት መሣሪያውን ያስጮኻል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልካም ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ ከብዛቱ ነው። ሳንቲም ጥቂት ግራም ናት፤ ከሳሕኑ በታች ያለው እርጥብ አሸዋ ግን በሁሉም አቅጣጫ የተዘረጋ ነው። ደካማው በብዛቱ ኀይለኛ ይሆናል። የሚመልሰውም ድምፅ ከቀጭን የወርቅ ቀለበት ወይም ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካለው የሚያብረቀርቅ ወረቀት ድምፅ ጋራ ይመሳሰላል። በባሕር ዳርቻ ብዙ ሰው ባዶ አሸዋ የሚቈፍረው ስለዚህ ነው።

ጨዉ በአንድ መጠን ጸንቶ ቢቈይ ኖሮ መሣሪያውን አንድ ጊዜ ከእርሱ ጋራ ማስማማት በበቃ ነበር። ዳሩ ግን መጠኑ በየእርምጃው ይለወጣል። ከላይ ያለው አሸዋ ደረቅ ነው፤ ዝቅ ሲሉ እርጥብ ይሆናል፤ ከዚያም በታች ሞገዱ እየመጣ የሚመለስበት ቦታ አለ። በሞምባሳ ጠረፍ ባሕሩ አብዝቶ በሚሞላበት ወቅት በሙላቱና በጕድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር በላይ ስለሚሆን፥ ጧት በባሕር የተሸፈነው ሰፊ አሸዋ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሊራመዱበት ይችላል። በቀይ ባሕር ይህ ልዩነት እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ የሞምባሳ መምህር የውሃውን ሰዓት ሳይጠይቅ ክፍሉን ወደ ጠረፍ ሊያወርድ አይገባውም፤ ለመሣሪያውም ለልጆቹም ደኅንነት ይህ አስፈላጊ ነው።

ሁለተኛው ባለጋራ ጥቍር አሸዋ ነው። በአንዳንድ ጠረፍ ሞገድ ቀላሉን አሸዋ እያጠበ ከባዱን ማዕድን በመሥመር ያስቀምጠዋል። ከእነዚህም አንዱ ማግኔት የሚስበው ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ነው። ሌላው የብረትና የቲታኒየም ማዕድን የሆነው ኢልመናይት ነው። በኬንያ ደቡብ ጠረፍ አጠገብ በኩዋሌ ኢልመናይት፥ ሩታይልና ዚርኮን ያለበት አሸዋ ከ2013 እስከ 2024 ዓ.ም. ለንግድ ተቈፍሮ ነበር። እንዲህ ያለው አሸዋ ባለበት ስፍራ ሳሕኑ ከፍና ዝቅ ባለ ቍጥር ድምፁም ከፍና ዝቅ ይላል።

የጨውና የጥቍር አሸዋ ችግር በአንድነት ሲመጣ ለምን እንደሚከብድ ማወቅ ይገባል። መሣሪያው የሚለየው የተመለሰውን መስክ ብርታት ብቻ ሳይሆን፥ ከተላከው ምን ያህል እንደ ዘገየም ጭምር ነው። ጥቍር አሸዋ መልሱን የሚሰጠው ሳይዘገይ ነው ለማለት ይቻላል፤ የጨው ውሃ መልስ ግን ሌላ መዘግየት አለው። በአንድ ዐይነት ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ከአንደኛው መዘግየት ጋራ ሲያስማሙት ሌላውን ይሰማል፤ ሌላውን ዝም ሲያሰኙት የፊተኛው ይነሣል። በዚህ ጊዜ «መሣሪያው ተበላሸ» ማለት ፍርድን ማጣመም ነው፤ ከሥራው ወሰን ውጪ ያለ ነገር ነውና የተጠየቀው። ይህን ችግር ለማቃለል ሁለት ዐይነት መሣሪያዎች ተሠርተዋል። የመጀመሪያዎቹ በብዙ ድግግሞሽ ልከው መልሶቹን እያነጻጸሩ ጨውን ከብረት ይለያሉ። የሁለተኛዎቹ ፍሰቱን በድንገት አቋርጠው ጥቂት ከጠበቁ በኋላ ያዳምጣሉ፤ የጨው መልስ ቶሎ ስለሚጠፋ በዚያ ጊዜ አይሰማም። ይሁን እንጂ የቀጭን ወርቅ መልስም ቶሎ የሚጠፋ ስለ ሆነ አብሮ ሊቀር ይችላል፤ ምስማርን ከወርቅ መለየትም ለእነዚህ መሣሪያዎች ይከብዳቸዋል።

እንግዲህ ድምፁ የታወከበት መሣሪያ በእጃችን ነው እንበል። ምርመራው ከላይ ወደ ታች፥ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂድ። በየደረጃው አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ድምፁ ቢስተካከል እንኳ ያስተካከለው የትኛው እንደ ሆነ ሊናገር አይችልም።

አንደኛ፥ ከውሃው ርቆ በደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ፥ ሳሕኑን እስከ ወገብ ድረስ አንሥቶ ያለ እንቅስቃሴ መያዝ ነው። ሳሕኑ በአየር ላይ ሳለ ጨውም ጥቍር አሸዋም በቅርቡ ስለሌለ፥ በዚህ ጊዜ የሚሰማው መንጫጫት ከመሣሪያው ወይም ከአየሩ ነው። ሳይንቀሳቀሱ በቆሙበት ወደ አራቱም አቅጣጫ ቀስ ብሎ መዞር ይገባል። በአንድ አቅጣጫ በርትቶ በሌላው ከደከመ፥ የኤሌክትሪክ መስመር፥ የስልክ ማማ፥ ወይም ሌላ ብረት ጠቋሚ በዚያ በኩል መኖሩን ያመለክታል። በኪስ ያለውን የእጅ ስልክ መዝጋት፥ ሌላውን መሣሪያ ማራቅ፥ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነም ድግግሞሹን በጥቂቱ መለወጥ የመጀመሪያው መድኀኒት ነው።

ሁለተኛ፥ በየትኛውም አቅጣጫ ካልተለወጠ ወደ መሣሪያው አካል መመለስ ነው። ባትሪው የደከመ እንደ ሆነ በአዲስ ይተካ። ከሳሕኑ ወደ ላይ የሚወጣው ሽቦ በዘንጉ ላይ ጠበቅ ብሎ ይጠምጠም፤ ላልቶ የሚወዛወዝ ሽቦ ከሳሕኑ ጋራ በተጠጋና በራቀ ቍጥር ሚዛኑን ያናጋልና። የሽቦው መጋጠሚያ በጣት ቀስ ተብሎ ሲነካ ድምፅ ከሰጠ፥ ላልቷል ወይም ጨው ገብቶበታል። የሳሕኑ መከለያ ተፈትቶ ይታይ፤ በመከለያውና በሳሕኑ መካከል የገባ እርጥብ ወይም ጥቍር አሸዋ ሳሕኑ በሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛ፥ ሰውዬውን መመርመር ነው። የብረት አፍንጫ ያለው ጫማ፥ የእጅ አምባር፥ ከእግር አጠገብ የተተከለ አካፋ፥ እነዚህ ሁሉ ሳሕኑ በቀረባቸው ቍጥር ይጮኻሉ። ድምፁ ሁልጊዜ በአንድ ወገን፥ ሳሕኑ ወደ እግር ሲመለስ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ምክንያቱ ከዚህ ነው። እንዲሁም ሳሕኑን እንደ ማጭድ እያወዛወዙ በዳርና በዳር ከፍ የሚያደርጉ ተማሪዎች ይኖራሉ፤ ከመሬቱ ያለው ርቀት ስለሚለወጥ በውዝወዛው ጫፍ ላይ የሐሰት ድምፅ ይሰማሉ። ከፍታው እኩል እንዲሆን ማስለመድ ያስፈልጋል።

አራተኛ፥ ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ሳሕኑን ወደ ደረቁ አሸዋ ማውረድ ነው። ብረት የሌለበት ቦታ ተመርጦ፥ ሳሕኑን ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ እያሉ በማንሣትና በማውረድ መሣሪያው ከመሬቱ ጋራ ይስማማ። በደረቁ አሸዋ ላይ ጸጥ ካለ፥ ተማሪዎቹ የታወቀ ሳንቲም በአንድ ስንዝር ጥልቀት ቀብረው ድምፁን ይስሙ። ይህ የታወቀ ሳንቲም ለቀሩት ሙከራዎች ሁሉ መለኪያ ይሆናል።

አምስተኛ፥ ወደ እርጥቡ አሸዋ መውረድ ነው። በደረቅ አሸዋ ላይ የተስማማው መሣሪያ በዚህ እንደ ገና መስማማት አለበት። መሣሪያው ለጨው ተብሎ የተዘጋጀ መምረጫ ካለው አሁን ይከፈት። መራመድም ከውሃው ጠርዝ ጋራ ትይዩ ሆኖ ነው። ከውሃው ወደ ደረቁ፥ ከደረቁ ወደ ውሃው የሚመላለስ ሰው ሳሕኑን በየውዝወዛው ከአንድ የጨው መጠን ወደ ሌላው ያሻግራል። ሳሕኑ በአንዲት ኩሬ ወይም ሞገድ በተወው ውሃ ላይ ባለፈ ጊዜ የሚሰማው ድምፅም የውሃው እንጂ የሳንቲም አይደለም።

ስድስተኛ፥ ድምፅ በተገኘ ጊዜ ምስክርነቱን መመርመር ነው። በአንድ አቅጣጫ የተሰማው ድምፅ በስተቀኝ ዞሮ በመስቀለኛ አቅጣጫ ይፈተን። የብረት ድምፅ ከሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ቦታ ላይ ይደገማል፤ ከቦታው አይንቀሳቀስም። የጨው ድምፅ ግን ይንሸራተታል፤ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ሁለተኛ ይጠፋል፤ ሞገዱ ሲመጣ ይበረታል፥ ሲመለስ ይደክማል። በመስቀለኛ አቅጣጫ ያልተደገመውን ድምፅ ወዲያው መቈፈር አያስፈልግም፤ በመዝገብ መጻፍ ግን ያስፈልጋል።

አሁን እጅግ መጠንቀቅ ወደሚያስፈልግበት ነጥብ ደርሻለሁ። በመሣሪያው ላይ የመስማት ኀይሉን የሚቀንስ መቈጣጠሪያ አለ። ብዙ ሰው ድምፁ በታወከ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ይህን ነው፤ ዝቅ ባደረገው ጊዜም ጩኸቱ ይጠፋና «ተስተካከለ» ይላል። ነገር ግን ጸጥ ማለትና መስተካከል አንድ አይደሉም። የመስማት ኀይሉ ሲቀነስ ጨዉ ብቻ ሳይሆን ሳንቲሙም አብሮ ዝም ይላል። ለዚህ ማስረጃው ቀላል ሂሳብ ነው። ከሳሕኑ ስፋት ይበልጥ ርቆ ያለ ትንሽ ነገር፥ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው መስክ ወደ ስምንተኛ ክፋይ ይወርዳል፤ መልሶ የሚልከውም በመንገዱ ላይ እንደ ገና ወደ ስምንተኛ ክፋይ ይወርዳል። ስምንት በስምንት ሲባዛ 64 ነው። እንግዲህ በእጥፍ ጥልቀት ያለው ሳንቲም መልሱ አንድ 64ኛ ብቻ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የመስማት ኀይልን መቀነስ አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልግ ቢሆንም፥ ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ የሚመጣ መድኀኒት ነው፤ ከቀነሱም በኋላ የተቀበረው መለኪያ ሳንቲም ገና መሰማት አለመሰማቱ ይፈተን። ካልተሰማ ያገኘነው ጸጥታ የማይጠቅም ጸጥታ ነው።

ይህ ነገር ቀለበትና ሳንቲም በሚፈለግበት ጠረፍ ላይ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። በሌላ ቦታ ግን የሰው እግርና ሕይወት ያለበት ጕዳይ ነው። ፖላንዳዊው መኰንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው የፈንጂ መፈለጊያ በ1942 ዓ.ም. በግብፅ በኤል አላሜይን ጦርነት በሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ ወዲህ ይኸው መሣሪያ እየተሻሻለ በቀጠናችንም ፈንጂ ይጠረግበታል። ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተደረገው ጦርነት ፈንጂዎችን በምድር ውስጥ ትቶ አልፏል፤ ከ2020 እስከ 2022 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገውም ጦርነት ያልፈነዱ መሣሪያዎችን በእርሻና በመንገድ ዳር ትቷል። ከፈንጂዎቹ መካከል በውስጣቸው ያለው ብረት ከትንሽ መርፌ የማይበልጥ ይገኛሉ። ፈንጂ የሚጠርግ ባለሙያ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን በታወቀ መለኪያ ብረት ላይ ይፈትናል። መሬቱ ድምፁን ቢያውክበት ጸጥ ለማሰኘት ብሎ የመስማት ኀይሉን እንደ ፈቀደ ዝቅ ማድረግ አይችልም፤ ድምፅ የሰጠውን ቦታ ሁሉ በእጁ ይመረምራል እንጂ።

ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ለመዝናኛ የተሠራ ብረት ጠቋሚ ፈንጂ ሊኖርበት በሚችል ስፍራ ፈጽሞ መምህርን ወይም ተማሪን ሊመራ አይገባውም። የመሣሪያው ዝምታ ለቦታው ደኅንነት ማስረጃ አይደለም። ጦርነት ባለፈበት አገር ያለ መምህር አስቀድሞ የአካባቢውን ባለሥልጣን ይጠይቅ፤ መልሱ የተረጋገጠ ካልሆነም ልጆቹን ከትምህርት ቤቱ ግቢ አያውጣ። ከዚህም ጋራ የቅርስ ሕግ አለ። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በአገራችን አቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 209፥ በኬንያም የ2006ቱ የሙዚየሞችና የቅርስ ሕግ፥ ከምድር የተገኘ ጥንታዊ ነገር የግል ዕቃ እንዳይሆን ይጠብቃሉ። ጥንታዊ ፍርስራሽ ባለበት ቦታ ያለ ፈቃድ መቈፈር አይገባም።

«እኛ በደጋ ያለን መምህራን ባሕር የለንም፤ ይህ ትምህርት ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ባሕሩን ወደ ክፍል ማምጣት ይቻላል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 35 ግራም የገበታ ጨው ቢሟሟ የባሕር ውሃ ምሳሌ ይሆናል። አንድ ሰፊ የፕላስቲክ ገበታ በደረቅ አሸዋ፥ ሁለተኛው በንጹሕ ውሃ በራሰ አሸዋ፥ ሦስተኛው በጨው ውሃ በራሰ አሸዋ ይሞላ። ገበታዎቹ የብረት እግር በሌለው ቦታ ተቀምጠው ሳሕኑ በእኩል ከፍታ በየተራ ይለፍባቸው። ልዩነቱ እንደ መሣሪያው ዐይነት ይበረታል ወይም ይደክማል፤ ተማሪዎቹ ግን ጨው እንጂ እርጥበት ብቻ ጥፋተኛ አለመሆኑን በራሳቸው ጆሮ ይረዳሉ። ለጥቍር አሸዋም ማግኔትን በላስቲክ ጠቅልሎ በአሸዋው ውስጥ መጐተት ይበቃል፤ የተጣበቀውን ቅንጣት ላስቲኩን ሲገፉት በወረቀት ላይ ይራገፋል። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሐይቆቻቸው አሉላቸው። የሻላና የአቢጃታ ውሃ ከላንጋኖ ውሃ እጅግ የበለጠ ጨዋማ ስለ ሆነ፥ ከየሐይቁ የመጣ ውሃ በሦስት ገበታ ተደርጎ ቢነጻጸር የጂኦግራፊና የፊዚክስ መምህራን በአንድ ቀን አብረው ሊያስተምሩበት ይችላሉ። መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤትም ቢሆን ባትሪ፥ ሽቦና አምፖል ይዞ ንጹሕ ውሃንና የጨው ውሃን በማነጻጸር ሊጀምር ይችላል።

ተማሪዎቹ የሚጽፉት መዝገብ አራት ዐምዶች ይኑሩት፤ ቦታው፥ የሳሕኑ ከፍታ፥ የተለወጠው አንድ ነገር፥ የተሰማው ድምፅ። የመዝገቡ ጥቅም ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱ ሳይገኝ ቀኑ ቢመሽ እንኳ መዝገቡ ምክንያቱ የማይኖርባቸውን ቦታዎች ያሳያል፤ በማግስቱ የሚመጣው ቡድንም ከዚያ ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያ አይጀምርም።

ለክቡራን የትምህርት ቤት ኀላፊዎች ሦስት አሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፥ ለሳይንስ ክፍል በሚመደበው ገንዘብ ውስጥ ባትሪና የሽቦ መጋጠሚያን የመሰሉ ጥቃቅን ዕቃዎች ይታሰቡ፤ በጥቂት ብር የሚገዛ ባትሪ ባለመኖሩ በብዙ ሺህ ብር የተገዛ መሣሪያ ሊቀመጥ አይገባውም። ሁለተኛ፥ «አይሠራም» ተብሎ የሚመለስ ዕቃ ሁሉ፥ ምን ተሞክሮበት ምን እንደ ተገኘ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ አብሮት ይመለስ። ሦስተኛ፥ በሙከራ ትምህርት ነጥብ ሲሰጥ ያገኘው ውጤት ከመጽሐፉ ጋራ ለተስማማለት ተማሪ ብቻ ሳይሆን፥ ያልተስማማበትን ምክንያት በሥርዓት ለፈለገውም ይሰጥ። ነጥብ የሚያስገኘው የተስማማ ውጤት ብቻ መሆኑን የተረዳ ልጅ ውጤቱን ከጓደኛው ይገለብጣል፤ ይህን ያስተማርነውም እኛው እንሆናለን።

እነዚህ ልጆች ነገ የሆስፒታል መሣሪያ፥ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፥ የውሃ ፓምፕና የአውሮፕላን ሞተር የሚጠብቁ ሰዎች ይሆናሉ። ከመካከላቸውም በሰሜኑ እርሻ ላይ ሳሕን ይዘው በጕልበታቸው ተንበርክከው ፈንጂ የሚጠርጉ ይኖራሉ። በእነዚያ ስፍራዎች ያልተጠበቀ ድምፅ በተሰማ ጊዜ መቈጣጠሪያውን ዝቅ አድርጎ መሄድ፥ ወይም ቆሞ መጠየቅ፥ በአንድ ቅጽበት የሚመረጥ ነገር ነው። ምርጫው ግን የሚለመደው ከብዙ ዓመት በፊት፥ በአሸዋ በተሞላ የፕላስቲክ ገበታ ፊት፥ መምህሩ «እስቲ እንደ ገና እንሞክር፤ አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ» ባለ ጊዜ ነው።